ጥላሽን ለክብራን ገብርኤል አደረስኩልሽ

እማዬ፣ የእኔ እናት፣

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ያለሽበትን የሚያውቀው አንድዬ ነው። ከተለያየን ሰባት ዓመት ሞላን። ባለፈው ጥር ተዝካርሽን አወጣንልሽ፤ ድንኳን ግን አልጣልንም። «ድንኳን የሚጠቅመው ለአከራዩ እንጂ ለሟቹ አይደለም» ትዪ የነበረውን አልረሳሁትም። ጠላና ዳቦ አዘጋጅተን ካህናቱም ጎረቤቱም ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀመሱልሽ። ዕድርተኛው ትንሽ አጉረምርሟል። እንደ ልማዱ ነው፣ አትስሚው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከአልጋሽ በላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ስለቀየርኩት አሁን ክረምት ሲገባ ሳፋ መደቀን ቀርቷል። የፋብሪካሽ ጥሩምባ መጮህ ካቆመ ቆየ፤ ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ የሲኖትራክ ጩኸት ነው። እንቅልፍሽን ይሰብርብሽ የነበረው የጅቡቲ ባቡር እንደቆመ ቀረ። በምትኩ የኤሌክትሪክ ባቡር መጥቶ ቃሊቲ ድረስ ሰው ያመላልሳል። ብታዪው «መንገዱን በአጥር ከፍሎት እኛ በየት ልንሻገር ነው?» ብለሽ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር መሟገትሽ አይቀርም ነበር። እኔ ያው ማረሚያ ቤቱ በር አካባቢ ነኝ፤ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የማይፈቀድላቸውን ስልክና ቦርሳ ኪዮስኬ ውስጥ በቁጥር እየተቀበልኩ አስቀምጣለሁ። መታወቂያዋን ረስታ የመጣች እናት ምሳ ዕቃዋን እንዳቀፈች ስትመለስ ማየት ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጥላው ልነግርሽ ነው።

ተዝካርሽ ባለፈ በሳምንቱ ጋሽ ሸምሱ ቤት ድረስ መጡ። ሱቃቸውን ትተው ሰው ቤት እንደማይሄዱ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ በር ላይ ሳያቸው ደነገጥኩ። በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ቁጭ በሉ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ሱቁን ላድሰው ነው፣ ልጄ። ይኼ የእኔ ዕቃ አይደለም፣ የገብርኤል ነው። አደራዬን ተቀበይኝ» አሉኝ።

ላስቲኩን ስንፈታው ቀዩ ከፋይ የገዛሽው ዕለት እንደነበረው ነው። ወርቃማው ዘርፍ አንድ ክር አልጎደለም። የእኛ ቤት ጣሪያ ያፈስ ስለነበር እሳቸው ሱቅ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥሽውን ጥላ፣ ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ናፍታሊን ሲቀይሩለት ኖረዋል። የስልጤ እስላም የገብርኤልን ጥላ ይህን ያህል ዘመን ሲጠብቅ! ላመሰግናቸው ብል ጂብሪል የእኛም መልአክ ነው ብለው በአጭሩ ቆረጡኝና ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። እኔ ጥላውን አልጋሽ ላይ አጋድሜ አለቀስኩ። ሆስፒታል ተኝተሽ በመጨረሻ ሰሞን፣ ድምፅሽ እንኳ አልወጣ ብሎሽ፣ «የገብርኤል ነገር አለብኝ» እያልሽ እጄን ትጨብጪው ነበር። ያ ነገር በአንቺ ላይ ቀርቶ መሄድሽ ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዴን ሲበላው ኖሯል።

ስለቱን ልጅ ሆኜ አንቺው ነበርሽ የምትተርኪልኝ። ገና ድክ ድክ ስል ትኩሳት ይዞኝ ቀኝ እግሬ ከዳኝ። ፖሊዮ ነው አሉሽ። ለመታዘል የማልመች ትልቅ ልጅ ሆኜ እንኳ በጀርባሽ ነበርኩ፤ ከፈረቃ ስትወጪ ታዝይኛለሽ፣ ጤና ጣቢያ ታዝይኛለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ታዝይኛለሽ። ያኔ አብሮሽ ፈትል ክፍል የሚሠራ የባሕር ዳር ሰው አገሩ ደርሶ ሲመለስ ከክብራን ገብርኤል ጸበልና እምነት አመጣልሽ። ሐይቅ መሀል ስላለው ገዳም አውርቶ አውርቶ ልብሽን ወሰደው። ሌላው ሰው ሁሉ ለቁልቢ ገብርኤል ሲሳል አንቺ «ቁልቢ ሰው ይበዛበታል፣ የእኔን ነገር በዚያ ጫጫታ መሀል ማን ይሰማዋል?» ብለሽ ለክብራኑ ተሳልሽ። ልጄን በእግሯ አቁምልኝ እንጂ በእግሯ እያስኬድኩ ደጅህ ድረስ አመጣታለሁ፣ ጥላም ይዤልህ እመጣለሁ አልሽ። ሐኪሞቹ ብረት አሰሩልኝ፣ አሹኝ፣ መራመድ አስተማሩኝ፤ አንድ ቀን ከአልጋው ጫፍ እስከ በሩ ሄድኩ። ማነከሱ አልለቀቀኝም፣ ግን ሄድኩ። «ሐኪሙንስ ማን ላከው?» ነበር መልስሽ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ስንነሳ ኖርን። ለታኅሣሥ ገብርኤል እንሂድ ስንል ፈረቃሽ አይመችም፣ ለሐምሌው ስንል ወይ ዝናቡ ወይ የእኔ ትምህርት ይይዘናል። በኋላ ደግሞ ስኳሩ መጣና አንቺኑ አስቀመጠሽ። ስለት ሳይደርስ ከተወራ ይቀላል ስለምትዪ ከእኔና ከጋሽ ሸምሱ በቀር ነገሩን ያወቀ ሰው አልነበረም። እኔም ያንቺው ልጅ ነኝና ስነሳ ለማንም አልተናገርኩም። ኪዮስኳን ዘጋሁ፣ ጥላውን ያዝኩ፣ ነጠላሽን ለበስኩ፣ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ገባሁ።

እማዬ፣ ሐይቁን ብታዪው። የአቃቂን ወንዝ ስናይ ላደግን ሰዎች ውኃ እንዲህ ወዲያ ማዶው ጠፍቶ፣ ደግሞም ሳይሸት ማየት የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ጠዋት ወደቡ ላይ ከሌሎች ተጓዦች ጋር አንዲት ሞተር ጀልባ ተጋራን። የሚጎበኙ ተማሪዎች ነበሩ፣ በቅርብ የተጋቡ ሙሽሮችም ነበሩ። ሙላት የሚባለው ባለጀልባ ብርቱካንማ ሰደርያ አልብሶ ደረደረን። ጥላውን ከአጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አጋደምኩት። ዋና አለመቻሌን ያስታወስኩት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ጸሎቴ ሁሉ ጠፍቶኝ ስምሽን ብቻ እጠራ ነበር።

መጀመሪያ የደረስነው ዘጌ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፍ መሀል ዳገት ይወጣል። ሁሉም ወረዱ፣ ሙሽሪትም ወረደች፣ እኔ ግን ቀረሁ። ሙላት እግሬን አየና ቀስ ብለን እንወጣለን፣ እደግፍሻለሁ አለኝ። እንቢ አልኩት። ምን አስቤ መሰለሽ? እግሬን ለገብርኤል ልቆጥበው ብዬ ነው። አንቺ ያልሽው በእግሯ አስኬጄ ነው፤ ዘጌ ላይ ደክሜ ክብራን ላይ ሰው ተሸክሞኝ ቢገባ ስለቱ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። እነሱ እስኪመለሱ ጀልባዋ ላይ ተቀምጬ ቀኝ ጭኔን ሳሽ ቆየሁ፤ አንቺ ማታ ማታ ታሺኝ እንደነበረው።

ከዚያ ወደ ክብራን ሄድን። ደሴቱ ትንሽ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ዛፍ የለበሰ። ጀልባዋ ድንጋዩን ስትነካ ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ጥላውን አቀፍኩ። ሙላት እጁን ዘርግቶ የሚደግፈኝ መስሎኝ እጄን ሰጠሁት። እሱ ግን መልሶ ሊያስቀምጠኝ ነበር የዘረጋው።

«እህቴ፣ ክብራንን ሴት አይረግጠውም። አታውቂም ነበር እንዴ?»

አላውቅም ነበር። አንቺም አታውቂም ነበር። ያ የፈትል ክፍሉ ሰው ይህን ሁሉ ሲያወራልሽ ይህቺን ሳይነግርሽ ቀረ፤ ወንድ ነውና እግሩን ያስቆመው ስለሌለ ነገሩ ትዝም አላለው። ዞር ስል ሙሽሪት ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ባሏን ሸኝታ ቆሎዋን ይዛ ተቀምጣለች። እሷ ታውቃለች፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። አንዲት እናት ሴት ልጇን በእግሯ አስኬዳ ልታመጣ የተሳለችው ሴት ለማይረግጠው ደሴት ነበር።

ተናደድኩ፣ እማዬ። ልዋሽሽ አልችልም። በየቀኑ በር ላይ የሚመለሱትን ሴቶች አያለሁ፣ ግን እነሱ መታወቂያሽን ይዘሽ ነገ ነይ ይባላሉ። ለእኔ ነገ የለም። ሥርዓቱ የጥንት ነው፣ ሥርዓቱን እኔ አልሽረውም፤ ግን ለዚህ ነው እንዴ በጀርባሽ ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምሽኝ? ዘጌ ላይ የቆጠብኩት እግር ምን ይሁን? ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጥላውን እንዳቀፍኩ አለቀስኩ። ሙሽሪት ከቆሎዋ ዘገነችልኝ።

ሙላት ሲያየኝ ነገሩ ገባው። ስለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝና ጫማውን አውልቆ፣ አማትቦ ጥላውን ተቀበለኝ። ዳገቱን ወጥቶ ቆየ። ሲመለስ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አብረውት ወረዱ። ውኃው ዳር ድረስ መጥተው ቆሙ፤ ከእኔ የሚለያቸው ትንሽ ውኃ ነው። ጥላውን ራሳቸው ይዘውታል።

«የተሳለችው ማን ናት?» አሉኝ።

እናቴ ናት፣ አርፋለች አልኳቸው። ክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ። ነፋሱ ተነስቶ ነበርና ጆሯቸውም ከበድ ይላል መሰለኝ አልሰማቸው አለ። ስለዚህ ጮኼ ተናገርኩት።

«ወለተ ሥላሴ!»

ስምሽ ውኃው ላይ ሄደ፣ እማዬ። ከቀብርሽ ዕለት ወዲህ ያንን ስም ጮኼ ጠርቼው አላውቅም። አባ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና ያንቺስ አሉኝ። የእኔን ደግሞ ጮኼ ነገርኳቸው። ሁለቱን ስም አስከትለው እየደጋገሙ፣ እንዳይጠፋባቸው መሰለኝ፣ ጥላውን ዘርግተው ዳገቱን ወጡ። ቀዩ ከፋይ በዛፎቹ መሀል ብቅ ጥልቅ እያለ እስኪሰወር አየሁት። ያኔ ንዴቴ ለቀቀኝ፤ ኀዘኑ ግን እንዳለ ነው።

የሚቀጥለው እንጦስ ነበር። ከክብራን ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ ሴት ይገባባታል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ ሙላት መቸኮል ነበረበት፤ ግን እግሬን አየና ሞተሩን አጠፋ። ያንን አንድ ወገኑ ወፍራም ጫማዬን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳይሆን ውኃው ዳር አወለቅኩት። ያለ ጫማ እንዴት እንደምሄድ ታውቂዋለሽ፤ ቀኝ ጎኔ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። ተማሪዎቹ ሊደግፉኝ መጡ፣ ተዉኝ አልኳቸው። ድንጋዩ ወጋኝ። ሁለት ጊዜ ዛፍ ይዤ አረፍኩ። እስከ በሩ ግን በእግሬ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ዞር ስል ክብራን ወዲያ ማዶ ቁጭ ብሏል። ገብርኤልን በልቤ እይልኝ አልኩት፤ ደጅህ ባትደርስም ልጅቷ በእግሯ መጥታለች፣ እናቴን ከቃሏ ፍታልኝ። ሰምቶኛል ብዬ አምናለሁ። እንዳልሽው ሰው አይበዛበትም።

ስንመለስ ነፋሱ በርትቶ ውኃው ይረጨን ነበር። እኔ አንድ ነገር አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ «እናቴ እዚያ ሳትደርስ ሞተች» ብዬ ነው ያለቀስኩት። ለካ ብትመጪም አትደርሺም ነበር። ሁለታችንም ጀልባዋ ላይ ነበር የምንቀረው። አንቺ መጀመሪያ ከሙላት ጋር ትጣያለሽ፣ ቀጥሎ አባን ከዳር ሆነሽ ትሟገቻቸዋለሽ፣ መጨረሻ ላይ ያ ሳቅሽ ይመጣና ጀልባዋን ታናውጫታለሽ። ከዚያ ከሙሽሪት ቆሎ እየተካፈልን እስኪመለሱ እንጠብቃለን። የቀረብኝ ደሴቱ አይደለም፣ እማዬ። አንቺ አጠገብ እዚያ ጀልባ ላይ መቅረት ነው የቀረብኝ።

አሁን ያንቺ ነገር ከገብርኤል ጋር አልቋል፤ ከእንግዲህ በዚያ አትጨነቂ። ለጋሽ ሸምሱ አደራቸው መድረሱን ነግሬያቸዋለሁ፤ ባዶውን መደርደሪያ በጨርቅ ወለወሉት። እኔ ደግሞ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ኪዮስኳን ዘግቼ እዚሁ አቃቂ ገብርኤልን እሳለማለሁ፣ በእግሬ። እግሬ እስከቻለ ድረስ አንቺን አልረሳም፤ ባይችልም አልረሳም።

አንድ ነገር ደግሞ። ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ጥላው ተኝቶበት የነበረው ወንበር ባዶ ነበር። ከኋላ ውኃ የረጠበው አንድ ተማሪ መጣና ሰው አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

አዎ፣ ሰው አለው አልኩት።

ልጅሽ ብርቄ