ፊርማው የእኔ ነው

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም፤ ደብዳቤውን እስክትጨርስ ይገባሃል።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። የምታነሳው ጸሐፊህ ናት። «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማን ልበላቸው?» ትለኛለች። ሱሪውን እየጣፍኩ ያሳደግኩት እህቱ ነኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንዳላሳፍርህ ዋጥኩት። ደብዳቤዬን ነገ አንተ ወዳለህበት ዋና ቢሮ የሚበረው መሐንዲስ በእጅህ ይሰጥሃል።

ያቺን አሮጌ መቆፈሪያ ማሽን የገዛን ጊዜ ሦስት ነበርን፤ አንተ፣ ባለቤቴና እኔ። የሌሎችን የደከመ የነዳጅ ጉድጓድ እየጠረግን ጀመርን። የመለዋወጫ ግምጃ ቤታችን አንድ የዛገ ኮንቴይነር ነበር፤ እኔም ደጃፉ ላይ በርሜል ላይ ተቀምጬ ብሎን እለቅም ነበር። ዛሬ አስራ አራት ማሽንና አራት መቶ ሠራተኛ አለን። ግምጃ ቤቱ ከመስፋቱ የተነሳ ሰው በብስክሌት ይዘዋወርበታል። ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ አንዱን ጉድጓድ ሳንጨርስ ለሌላው ቃል እንገባለን። ሁሉም ይሮጣል፤ ቆም ብሎ የሚያይ ጠፋ።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ባለቤቴ ሰባት ቁጥር ማሽን ላይ እየቆፈረ ነበር። ወደ ጉድጓዱ የሚገፉት ጭቃ ከገባው በልጦ ይመለስ ጀመር። ፓምፑን አቆመ፤ ጭቃው ግን አልቆመም። ጋዝ ከታች እየገፋው ነበር። የጉድጓዱን አፍ የሚያፍነውን ላይኛውን መዝጊያ ዘጋ። ውስጡ ያለው ጎማ አልያዘም።

እኔ ግምጃ ቤት ሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ። ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ አንተ ራስህ «ዝምታው» ብለህ ስም ያወጣህለት፣ «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ፉጨት። ከዚያ ምንም። አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም። ሬዲዮውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ደግነቱ ከሥሩ ያለው ሁለተኛው መዝጊያ ያዘ። እሱም እምቢ ቢል ኖሮ አንዲት ብልጭታ ማሽኑ ላይ የነበሩትን ሃያ ስድስቱንም ሰዎች ትበላቸው ነበር። በያጁ ብቻ ሲሮጥ ከደረጃ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ባለቤቴ «ደህና ነኝ» ይላል። ውሃ ሲጠጣ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፤ ምድጃ ስለኩስም ከቤት ይወጣል።

ረቡዕ ጠዋት ጎማው ተፈትቶ መጣልኝ። ውሻ ያኘከው ይመስላል። ቁጥሩን እኔ በምይዘው የመለዋወጫ መዝገብ ላይ ፈለግኩት። በሰኔ ተቀይሯል፣ ተፈትሿል ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

አልተቀየረም ነበር፣ ወንድሜ። በሰኔ የሥራ ኃላፊህ፣ ያ «ቶሎ ቶሎ» የምንለው፣ መጥቶ «እትዬ፣ ማሽኑ ዛሬ ካልተንቀሳቀሰ ጉዳችን ፈላ። ይፈርሙልኝ፤ አዲሱ ጉድጓድ ጋ ስንደርስ እንቀይረዋለን» አለኝ። ፈረምኩ። የቤተሰብ ሥራ ነው ብዬ ፈረምኩ። ለአስር ቁጥርና ለአስራ ሁለት ቁጥር ማሽንም እንዲሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። ማክሰኞ ምንም አልደረሰም፣ በያጁም የወደቀው ቤቱ ነው ይላል።

«አንድ አደጋ ከተመዘገበ አዲሱ ውል ቀረ ማለት ነው። ይፈርሙ» አለኝ።

«ወንድሜ ይህን ያውቃል?»

ጫማውን አየ። «እትዬ፣ እኔን ለምን ያስጨንቁኛል?»

ወረቀቱ የተላከው አንተ ካለህበት ቢሮ ነው። ጸሐፊዎች ለአለቃቸው ሳያሳዩ ብዙ ነገር ይልካሉ። አንተ አታውቅም። ብታውቅማ ኖሮ ከሁሉ አስቀድመህ ዝምታው ተረፈ ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ነበር።

አልፈረምኩም። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮውን አነሳሁ። «አስር ቁጥርና አስራ ሁለት ቁጥር፣ ስሙኝ። መዝጊያችሁ ውስጥ ያለው ጎማ አልተቀየረም። ተቀይሯል የሚለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ሐሰት ነው» አልኩ።

የአስር ቁጥሩ ቆፋሪ «እትዬ፣ ሰምተናል። አቁመናል» አለ። አስራ ሁለት ቁጥር ግን አልመለሰም። ደጋግሜ ጠራሁ።

ባለቤቴ መኪናውን ወደ አስራ ሁለት ቁጥር ነዳ። አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ዓይናችን አድማሱ ላይ ጭስ ሲፈልግ ነበር። ስንደርስ ማሽኑ እየቆፈረ ነው፤ የተበላሸው ሬዲዮአቸው ኖሯል። ባለቤቴ ደረጃውን ሮጦ ወጣና የቆፋሪውን ትከሻ ያዘው። ሞተሩ ጸጥ ሲል እኔ መኪናው ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ስንመለስ የሥራ ኃላፊህ በር ላይ ጠብቆ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ። የተበላው ጎማ ግን እኔ ጋ ነው። እፈራለሁ፣ ወንድሜ። እስር ቤቱን እፈራለሁ። የአራት መቶ ሰው ጉሮሮ ዘጋች መባልን እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራውን ግን እጄ አልጽፍም አለኝ።

ሰኞ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመጣል። «ማን ያውቅ ነበር?» ማለቱ አይቀርም። የራሴን ስም እናገራለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የምናገረው ስም ካለ ግን ከማንም ሳይሆን ከአንተ ከራስህ አፍ ልስማው።

ፈጣሪ በሰላም ያግባህ። እናታችን ስትሸኝህ የመረቀችህን ምርቃት አይንሳህ።

የምትሳሳልህ እህትህ