ልጄ ያልተፋችው አክታ እንዴት «ነጻ» ሆነ?

ይድረስ በቱላ መንገድ ዳር ለሚገኘው፣ ስሙን ለጊዜው ለማልጠራው የግል ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፣ ለተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም መላ ቤተሰብዎም፣ ትንንሽ ልጆች ካሉዎት ደግሞ በተለይ ሳንባቸው፣ እጅግ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ብዙነሽ እባላለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ፣ የሦስት ዓመት ተኩሏ የሄራን እናት ነኝ። ከኅዳር እስከ ጥር አራት ጊዜ ደጅዎን ስለረገጥን ምናልባት ያስታውሱን ይሆናል።

አንደኛ፣ ስለ ባለሙያዎ እርጋታ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሄራን ሳል ከያዛት ወር ሊሞላት ሲል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ከእኩዮቿ ጋር ጥቂት ሮጣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ መጀመሪያ «ጉንፋን ነው» ብሎ ሽሮፕ፣ ቀጥሎ «አስም ነው» ብሎ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠን። ፈራ ተባ እያልኩ «ቲቢ ይሆን እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው ክንዷ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ አሳይቶኝ «ይሄ ያላት ልጅ አይዛትም» አለኝ። ከአሥራ አራት ኪሎ ወደ አሥራ ሁለት ስትወርድ ደግሞ ልጆች ሲረዝሙ እንደሚከሱ አስተማረኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ላብራቶሪዎ ተአምር። በአራተኛው ጊዜ ስለነዘነዝኩ የአክታ ብልቃጥ ተሰጠን። ሄራን «ትፊ» ስትባል የምትውጥ ልጅ ስለሆነች አክታውን ዋጠችው፤ እኔም ብልቃጡን ምራቅ እንኳ ሳይነካው ደረቁን መለስኩ። በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ውጤት ተቀበልኩ፦ «አክታ ተመርምሯል፤ ከቲቢ ነጻ»። ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ደስ አለኝ፤ ማመን ፈልጌ ነበርና ለአሥራ ስምንት ቀናት አመንኩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልጄ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ፣ ከንፈሯም ይጠቁር ጀመር። አዝያት ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ገባሁ። እዚያ ማርታ የምትባል ነርስ ገና ሳልቀመጥ «ቤት ውስጥ የሚያስል ትልቅ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ ዘንድ በአራቱም ጊዜ ይህን የጠየቀን አልነበረም። አዎ፣ ነበረ። ሥራ ስውል ሄራንን የምትይዝልኝ ታናሽ እህቴ ሃይማኖት ከመስከረም ጀምሮ ታስል ነበር፤ እርስዎም ጋ መጥታ «ብሮንካይት» ተብላ ተመልሳለች። የእሷ አክታ ሲመረመር ቲቢ ተገኘበት። የሄራን ራጅ ደግሞ በሳንባዋ ሥር ያሉት ንፍፊቶች አብጠው የአየር ቧንቧዋን እንደተጫኑት አሳየ። አክታ መትፋት ለማይችል ልጅ ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራ ናሙና መውሰድ እንዳለም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሐኪሙ ምርመራው በሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ ምንም እንደማያገኝ፣ ስለዚህም ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት እንደሚያስጀምራት ነገረኝ።

ሃይማኖት ግን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለች አለቀሰች። ልጅቷ ጭኔ ላይ ነበረች፣ በሕይወት። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፤ ሄራንም አንድ ኪሎ መልሳለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ላብራቶሪ መዝገብዎ። ተመልሼ መጥቼ እንዲያሳዩኝ ስለምን የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ገልጦ አሳየኝ። በልጄ ቁጥር ትይዩ «ናሙና አልቀረበም» ይላል። ገጹ በሙሉ በጥቁር እስክሪብቶ ተጽፎ ሳለ ያ መስመር ብቻ ሰማያዊ ነው፤ ወረቀቱም እዚያ ላይ ተፍቆ ሳስቷል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ መዝገብ ማገላበጥ ነው። ክቡርነትዎን መጠርጠር ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ይሁን እንጂ በእጄ ያለው ማኅተም «ተመርምሯል» እያለኝ ምን ላድርግ? ከሰማያዊው መስመር በላይና በታች፣ በዚያው ሳምንት፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሰባት ልጆች አሉ። ሰባቱም «አክታ፣ ነጻ»።

ወላጆቻቸውን እንዲጠሩ ስለምንዎ «ሴትዮ፣ ልጅሽ ድና የለም እንዴ? ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ያን ዕለት ስላልመለስኩልዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ አሁን እመልሳለሁ፦ ሰባቱን። እርስዎ ካልጠሯቸው ይህን የሚያነብ ወላጅ ያንን ወረቀት ትቶ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰድ።

ለማኅተምዎ ጥራት፣ ለመዝገብዎ የቀለም ስብጥር፣ ደረቅ ብልቃጥ ለሚያነበው ላብራቶሪዎም ያለኝን ጥልቅ አድናቆት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣
በማይነቀል ጥርጣሬ የእርስዎው
ብዙነሽ፣ የሄራን እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት አንድ ቅጂ ለጸሐፊዎ ሰጥቻት ነበር። ሁለቱን ገጽ አንብባ እስክትጨርስ ስድስት ጊዜ አሳለች፤ ከጀመራት ወር እንዳለፈውም ነገረችኝ። እባክዎ ያስመርምሯት፤ ሌላ ቦታ።