ይርጋ ያዞረው ሞተር

ደሴ፣ ሆጤ
ጥር ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ጣይባ፣ ባቲ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበቱልኝ? አላህ ዕድሜና ጤናዎን ያብዛልኝ። እኔና ልጄ ሙሄዲን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የታክሲዋን ሞተር ግቢዬ ውስጥ ፈትቼ ነበር። ከባዱን የሞተር ክዳን ሙሄዲን ብቻውን ተሸክሞ አወረደልኝ። የላይኛውን ዘንግ የካምሻፍቱን ምልክት ከታችኛው ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ምልክት ጋር ፊት ለፊት አገናኝቼ ሰንሰለቱን ላለብስ ስል ለብሔራዊ ውትድርና የቀበሌ ስብሰባ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ በሰው ፊት «ልጅህ አሥራ ስምንት ሞላው አይደል?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ «አዎ ጓድ» አልኩ።

ስመለስ ጎረቤቴ ይርጋ ላግዘው ብሎ ሞተሩን በእጅ ማዞሪያው በማኒቬላ አዙሮታል። ምልክቱ ተዛንፏል፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ሞተሩ አይነሣም።

«አንተ ደንቆሮ፣ ማን ንካው አለህ? የሰው ነገር ካልነካካህ እንቅልፍ አይወስድህም?» ብዬ ጮህኩበት። አባቱን ሳይቀር ሰደብኩ። ሰግጄ ራሴን ስመረምር አፈርኩ። ያን ሁሉ ቃል ስብሰባው ላይ ውጬው ነበር የመጣሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ብሄድ ይርጋ ሳቀብኝ።

«እኔ ላይ ጩህ እንድሪስ፤ እኔ አልጠቁምህም» አለኝ።

ምልክቶቹን አብረን መልሰን አገጣጠምናቸው፤ ሞተሩም ተነሣ። የኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም።

ሙሄዲንን ትንሽ ያስለዋል። እናቱ ብትኖር እሷ ታስታምመው ነበር። ቆላው ይሻለዋል ብዬ ሰኞ ከገበያተኛው ጋር በኮምቦልቻ አድርጌ አመጣዋለሁ። መኝታውን ከጓዳ ያንጥፉለት፤ ወደ ደጅ ባይወጣ ለሳሉ ይበጀዋል።

አላህ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምዎ እንድሪስ