ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረችው ወረቀት

ኅዳር 1፣ 1991፣ ማክሰኞ

የወሎ ሰፈሩን የመኪና ዕቃ ሱቃችንን ከፈትኩ። አንድ ሰው የፍሬን ሸራ ጠየቀኝ፤ ባሌ ሙክታር የት እንደሚያስቀምጠው እንጃ። ለልቡ ሕክምና ጀርመን ከሄደ አሥራ ሁለት ቀኑ። ሸሚዙን ሳላጥብ አስቀምጬዋለሁ... እብደት ነው? ይሁን።

ደወለ። "ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

እንቅልፍ ማጣቴን አልነገርኩትም። ለታመመ ሰው?

ኅዳር 4፣ ዓርብ

ደወለ። የሕክምናው ቀን ተቆረጠ፤ ሰኞ ነው። "በብሽሽቴ ቀጭን ሽቦ እስከ ልቤ ያስገባሉ። ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት ይተኩሱታል" አለ፣ የሰው መኪና የሚጠግን ይመስል። "ደሜ እንዳይረጋ ደግሞ ሄፓሪን ይሰጡኛል።"

ሄፓሪን!

ሐምሌ ላይ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሰጡት እሱን ነበር። ደም ያቀጥናል የተባለው መድኃኒት እሱ ላይ ደም አረጋ፤ እግሩ ጠቁሮ ለጥቂት ተረፈ። ሐኪሙ ወረቀት ጽፈው ለእኔ ሰጡኝ። "ሁለተኛ ሄፓሪን እንዳይነካው። የትም ሲሄድ ይቺን ይያዝ።" እንዳይደነግጥ ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ፎጣ ሥር ደበቅኳት። ለእሱ "እግርህን ብርድ መቶህ ነው" አልኩት። በሽተኛ ክፉ አይነገረውም ተብለን አይደል ያደግነው? ሻንጣውን ሳዘጋጅም ሹራቡ እንጂ ወረቀቷ ትዝ አላለችኝም።

ልነግረው ስል መስመሩ ተቋረጠ...

ውሸት። "አላህ ይርዳህ" ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ሲነጋ ፋክስ ቤት። ወረቀቷን ወደ ሆስፒታሉ ላክኳት። አላስቻለኝም፤ ለራሱም ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

"ሸሪፋ፣ ልቤ እኮ የእኔ ነው" አለ።

ሌላ ቃል አልወጣውም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 7፣ ሰኞ

ሌላ መድኃኒት እስኪያመጡ ሕክምናው መተላለፉን ከሆስፒታሉ ደውለው ነገሩኝ። እሱ አልደወለም።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ከሕክምናው በሰላም ወጣ! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

በሄፓሪን ፋንታ የሰጡት መድኃኒት መነሻው አልቅት ነው አሉት። ድምፁ ደክሞ ሳቀ። "ልጅ ሆኜ ከላሞቻችን አፍንጫ እየነቀልኩ የምረግጠው አልቅት! ዛሬ ባለውለታዬ ሆኖ አረፈው።"

እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ገና ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

ሱቁን ከፈትኩ። የፍሬን ሸራው የት እንዳለ አሁን አውቃለሁ።

ደወለ። "ደህና ነሽ?"

"ደህ..." ብዬ ተውኩት። "አይደለሁም። እንቅልፍ የለኝም። ሸሚዝህን ሳላጥብ እያሸተትኩ ነው የማመሸው። ናፍቀኸኛል።"

ድምፁ እንደ ቅዳሜው አልነበረም።

"ልቤስ ድኗል" አለ። "እኔም ግን ደህና አይደለሁም።"