አባቴ እና የካንሰሩ ቫይረስ

ኅዳር 16፣ ቡታጅራ

ደክሞኛል። ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ከጉብሬ ደውዬ፣ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ምነው ለአባቴ ባልነገርኳቸው ኖሮ! አንድ መድኃኒት የካንሰር ዕጢን ሲያዳክመው፣ ካንሰር የሚገድል ቫይረስ ገብቶ ይጨርሰዋል አልኳቸው። ጉበቱ ላይ ዕጢ ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይነገራል?

ዛሬ ልጠይቃቸው መጥቼ ገና ከበር ሳልገባ «ቫይረሱን አመጣሽው?» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ ያነበብኩት ገና በአይጥ ላይ የተሞከረውን ነው።»

«አይጦቹስ ዳኑ?»

«አንዳንዶቹ ድነዋል።»

«አልሐምዱሊላህ። ዕድሜ ልኬን አይጥ ከጎተራዬ ሳባርር ኖሬ፣ ፈውሱ ለአይጥ ቀደመ በይኛ!» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ጎናቸውን ያዙ።