የስዊትገም መስኮት፦ የዶክተር ኦዴሳ ታርፕሊ ሕይወት

ዶክተር ኦዴሳ ታርፕሊ ከአባታቸው ከአቶ ሌሙኤል ታርፕሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቨርዴል ጌዲ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1948 በጆርጂያ፣ በኮልተር ወረዳ፣ በስዊትገም መንደር ተወለዱ። አባታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው የሰው ልብስ ያጥቡ ነበር።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ጀምረው በ1970 በፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1979 በሕዝብ አስተዳደር ዶክትሬታቸውን አገኙ። በአትላንታ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። በ1974 የሙዚቃ መምህር ከነበሩት ከአቶ ሬይፎርድ ኤንስሊ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኮርሊስንና ታዴየስን ወለዱ።

ዶክተር ኦዴሳ ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ከመጻፋቸው በፊት ማንነታቸውን ሳይናገሩ እዚያ ወረፋ ይይዙ ነበር። ተማሪዎቻቸውንም ያስይዙ ነበር። ይህን ያላደረጉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1986 የኮልተር ወረዳ ጽሕፈት ቤቶቹን ለመቀነስ ጥናት ሲያሠራቸው፣ የትውልድ መንደራቸውን የሚያውቁት መስሏቸው መዝገብ ብቻ አዩ። በስዊትገም ቅርንጫፍ አንዲት የአገልግሎት መስኮት በሳምንት የሚፈርመው ባለጉዳይ ከስድስት አይበልጥም ነበር። ይዘጋ ብለው ጻፉ፤ በ1987 ተዘጋ። የልደት፣ የሞትና የመሬት ወረቀት ለማውጣት ሠላሳ ስምንት ማይል መሄድ ግድ ሆነ።

መዝገቡ ያላሳየው ነገር ነበር። የመንደሩ ሰው ቀኑን ሥራ ላይ ስለሚውል፣ አቶ ክሊዮፈስ የሚባሉ ጎረቤት አርብ አርብ የሁሉንም ወረቀት በከረጢት ሰብስበው ወደ ቅርንጫፉ ይሄዱ ነበር። ለከረጢቱ ሁሉ የሚፈርሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ቤተሰቡ በተሰበሰበበት የምስጋና ቀን በዓል ማዕድ ላይ የዶክተር ኦዴሳ እናት፣ «አንቺ ልጅ፣ የቆጠርሽው ክሊዮፈስን ነው። ከረጢቱ ውስጥ የነበርነውን እኛን ማን ይቁጠረን?» አሏቸው። ወንድማቸው አቶ አሎንዞም፣ «ተያት እማ፣ ዶክተር እኮ ናት፤ ከረጢት የት ታውቃለች!» ብለው ሳቁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በየሴፕቴምበሩ የዶክተር ኦዴሳ የመጀመሪያ ትምህርት ያ ጥናት ሆነ። ስሕተቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው እስኪያገኙት ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። እናታቸው በ1991 ሲያርፉ መስኮቱ እንደተዘጋ ነበር።

ባለቤታቸው በ2009 ካረፉ በኋላ፣ በ2010 ጡረታ ወጥተው ወደ ስዊትገም ተመለሱ። በወረዳው ምክር ቤት ወርኃዊ ስብሰባ ለነዋሪ በምትሰጠው ሦስት ደቂቃ እየተነሡ አሥራ ሁለት ዓመት ስለ መስኮቱ ተናገሩ። ሰብሳቢው፣ «ዶክተር፣ ዛሬም መስኮቱ ነው?» ሲሏቸው፣ «ዛሬም መስኮቱ ነው፤ ደቂቃዬን አይብሉብኝ» ይሉ ነበር። በማርች 2023 በአሮጌው የእሳት አደጋ ጣቢያ አንድ መስኮት ተከፈተ። ማክሰኞና አርብ ይሠራል። መዝገቡ ላይ «ለስንት ሰው መጡ?» የሚል ዓምድ ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው።

ዶክተር ኦዴሳ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 2024 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው አቶ አሎንዞ በሕይወት አሉ።

ትናንት አርብ አቶ አሎንዞ የእኅታቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከፊታቸው ሦስት ሰው ስለነበረ ወረፋ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ፣ «ጋሽ አሎንዞ፣ ዛሬ ለስንት ሰው ነው?» አለቻቸው። መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ለአንድ» ብለው ጻፉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።