አሳላፊው ስልክ ያላወቀበት እሑድ

ለተከበሩ ሚስተር ፔንድልበሪ፣
የዌደርኮት ታሪካዊ ቤት ዋና አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቤትዎ ጣሪያ በየዓመቱ የሚታደስ፣ እንቅልፍዎም እንደ ግቢዎ ሣር የለመለመ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን እንቅልፍ ከጠየቁኝ ካለፈው እሑድ ወዲህ ጥሎኝ ሄዷል፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ብድግ ቁጭ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። በከተማችን ጋዜጣ በኩል መላኬም ለክብርዎ ብዬ ነው፤ ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ያምራል።

እኔና ባለቤቴ ክላይቭ አባቴን ይዘን የመጣነው የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን አገልጋዮች እንዴት እንደኖሩ ሠራተኞቻችሁ የዘመኑን ልብስ ለብሰው እየተወኑ ወደሚያሳዩበት ዝግጅት ነበር። አባቴ ዊልፍሬድ አውቶቡስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ዛሬ ይጠፋበትና ድሮ ይመጣለታል። የድሮውን ዘመን ቢያይ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ለሽርሽር ሲወጣ እንደሚያደርገው የሠርጉን ሰደርያ ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። "አባዬ፣ ሙሽራ መስለሃል" ብለው፣ "ታዲያ ሙሽሪትን የት አደረግሻት?" አለኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች።

አንደኛው ምስጋናዬ ለወጥ ቤታችሁ ነው። ዳቦው ሲጋገር አፌን ከፍቼ ሳይ ቆይቼ ዘወር ብል አባቴ ከጎኔ የለም። "አንድ ሽማግሌ አላየሽም?" ብዬ ወጥ ሠሪዋን ብጠይቃት፣ "ጌቶች ያሉት ፎቅ ላይ ነው እመቤቴ፤ እኛ ድሆቹ ወደዚያ አንወጣም" ብላ ሊጧን ማቡካቷን ቀጠለች።

ሁለተኛው ለአሳላፊያችሁ፣ ለዚያ ነጭ ጓንት ላጠለቀው ነው። በድምፅ ማጉያ የአባቴን ስም እንዲጠራልኝ፣ ያም ባይሆን ለጥበቃ እንዲደውልልኝ ለመንኩት። "መደወል? እንዲህ ያለ ነገር በዘመናችን አልሰማንም እመቤቴ" አለኝ። ይህን ሲለኝ የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይርገበገብ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ከቤቱ ጀርባ ኩሬ አለ! አባቴ ያለበትን አያውቅም!" ብዬ ብጮህ፣ "እንግዲያስ ፈረሰኛ ይላካል" ብሎ እጅ ነሳኝ። ጎብኚዎቹም ሳቁ። ሠራተኞቻችሁ ምንም ቢመጣ ከያዙት ዘመን ንቅንቅ እንዳይሉ መታዘዛቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። መቼም እንደዚህ የሚታዘዝ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል! ክላይቭ ጫማውን አውልቆ ወደ ኩሬው ሮጠ፤ እኔ ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ሁሉ ስገልጥ ቆየሁ።

ሦስተኛው፣ ወይ አራተኛው፣ ቁጥሩም ጠፋኝ፣ ስለ ጭብጨባው ነው። ከፈረስ ጋጣው በኩል ሰው ሲያጨበጭብ ሰምቼ ሄድኩ። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ መሃሉ ላይ አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "እባካችሁ፣ መንገዱ ጠፍቶኛል። ልጄ ብሬንዳ ትባላለች። ጥሩልኝ፣ ትጨነቃለች" ይላል። ያጨበጭቡለታል። ደግሞ ይለምናቸዋል። "አቤት ሲያውቅበት! እንባው ሁሉ እኮ የእውነት ይመስላል" ይላል አንዱ። የእናንተው የፈረስ ባልደራስ ደግሞ፣ "ምን ሰርቀህ ነው ጌቶች ያባረሩህ፣ አንተ ሽማግሌ?" እያለ ሰዉን ያስቃል።

ሰዉን ገፍቼ ገብቼ አቀፍኩት። ያን ጊዜ ለእኔም ተጨበጨበልኝ።

"ብሬንዳዬ" አለኝ በጆሮዬ፣ "ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ግን አይሰሙም።"

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዝግጅት ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ ሰው፣ ደመወዙ አነስተኛም ቢሆን ግድ የለም፣ በዛሬው ዘመን ላይ ይመደብልን።

የቤትዎን ግርማ መቼም የማልረሳ፣ ሳልጠየቅ ተዋናይት የተደረግሁ፣
አክባሪዎ ብሬንዳ ኦትሊ

ሳልረሳው፦ የአባቴን ፎቶግራፍ "የዕለቱ ምርጥ ተዋናያችን" ብላችሁ በድረ ገጻችሁ ላይ ስላወጣችሁልን እናመሰግናለን። ትናንት አሳየሁት። ራሱን አላወቀም። ብዙ አየውና፣ "ይሄ ሰውዬ የጠፋ ይመስለኛል። ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየው ምነው አንድ እንኳ የሚያናግረው ጠፋ?" አለኝ። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።